ዶርም አይመረጥም፣ አልጋ ግን ይመረጣል፦ ለፍሬሽ ተማሪ ከሻንጣ እስከ ልዋጭ

ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ምደባው የወጣ ዕለት ማታ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትምህርቱ አልነበረም። «ዶርም እንዴት ነው የሚመረጠው?» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ግን ቁጭ ብለን ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የመጀመሪያ ዓመት ግማሽ መከራውም ግማሽ ደስታውም ያለው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ያን ማታ የነገርኩትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም አይመረጥም፣ ይመደባል። ስማችሁ በፊደል ተራ ይደረደርና ስድስት ስድስት ወይም ስምንት ስምንት እየተደረገ ይቆረጣል። አራት ሆናችሁ የምትገቡበትም ግቢ አለ፣ ዕድል ነው። ተራው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚሠራ አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙት ሞክሼዎች ናቸው። እኛ ክፍል ስድስት ነበርን፣ ሦስታችን አንድ ስም። ፕሮክተሩ፣ ማለትም የዶርሙ ኃላፊ፣ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ሦስት ሰው እኩል «አቤት!» ይላል። በሁለተኛው ቀን ስሙ ቀረና «ረጅሙ»፣ «ጎንደሬው» እና «ባለ ጄሪካኑ» ተባልን። ባለ ጄሪካኑ እኔ ነኝ። ለምን እንደተባልኩ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ታዲያ ሕንጻውን ካልመረጣችሁ ምንድን ነው የምትመርጡት? ብዙ ነገር። ከተማውን በከፊል፣ አልጋውን፣ ሎከሩን፣ የክፍሉን ሕግ፣ ልዋጭ ከተገኘ ክፍሉን ራሱን። ችግሩ ሁሉም የሚመረጥበት ሰዓት አጭር ነው፣ ካለፈ አለፈ። ፍሬሽ ደግሞ ያቺን ሰዓት «ብሎኬ ስንት ነው? አዲሱ ሕንጻ ነው አሮጌው?» እያለ ይጨርሳታል። ብሎኩን ተዉት። ስለ አልጋው ተጨነቁ።

ከዶርሙ በፊት ከተማው

ትምህርት ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲያስሞላ አብዛኛው ልጅ ስም ብቻ አይቶ ይሞላል። ጓደኛው የሞላውን የሚገለብጥም አለ። እኔ ግን እላለሁ፣ ስትሞሉ የምትተኙበትንም አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ፣ እዚያ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ቅንጦት አይደለም። ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናት፣ ብርድ ልብሱን እናታችሁ ብትጭንባችሁም ትራስ ነው የምታደርጉት። አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋና ጋምቤላም ሙቀት ናቸው። ከሙቀት ጋር ትንኝ አለ፣ ከትንኝ ጋር ወባ፣ ስለዚህ አጎበር። ጅማ ዝናብ አያጣትም፣ ያጠባችሁት ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ሊንጠለጠል ይችላል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለሰውነት የሚስማሙ ናቸው፣ ግን ሐይቅ ባለበት ትንኝም አለ።

ሌላው ነገር ግቢው ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ማለት አንድ ግቢ ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ደረሰኝ ያለ ልጅ ፔዳም፣ ፖሊም፣ ይባብም፣ ዘንዘልማም ሊሆን ይችላል። ፔዳ ከተማ ውስጥ ነው፣ ዘንዘልማ ወጣ ይላል። ጎንደር ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል አለ። ጅማ ከዋናው ግቢ ሌላ ኪቶ ፉርዲሳ አለ። ግቢውን አትመርጡትም፣ ግን ስሙን እንደሰማችሁ ሲኒየር፣ ማለትም ነባር ተማሪ፣ ፈልጉና ጠይቁ። ወጣ ያለ ግቢ ከሆነ ሳሙናውንም፣ ባልዲውንም፣ የሚያስፈልጋችሁን መድኃኒትም ከከተማ ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ ልጆች፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። አብዛኞቹ ዶርም የላቸውም፣ ቤት ተከራይታችሁ ነው የምትማሩት። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አልገባበትም።

ሻንጣው

ዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚያዘው ይታወቃል፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ይህን አትርሱ። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ግን ይበልጣል።

ጓጉንቸር ቁልፍ ሁለት፣ አንዱ ለሎከር፣ አንዱ መጠባበቂያ። ጥሩውን ግዙ፣ ርካሹ በምስማር ይከፈታል። ገመዱ ረዘም ያለ ዲቫይደር፣ ምክንያቱም ሶኬቱ ከአልጋችሁ ሩቅ ይሆናል፣ ሁልጊዜ ነው ሩቅ የሚሆነው። ነጠላ ጫማ ለሻወር። ለአልጋ መጋረጃ የሚሆን ያረጀ አንሶላ ወይም ነጠላና የሚታሰርበት ሲባጎ። ፓወር ባንክ። አምስት ሊትር ጄሪካን። እና በሶ። በሶ ስላችሁ አትሳቁ። ካፌ (የግቢው የተማሪዎች መመገቢያ) ተዘግቶ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ፣ ነገ ፈተና ሲሆን በሶ በስኳር በጥብጦ የሰጣችሁን ልጅ ዕድሜ ልካችሁን አትረሱትም።

የኤሌክትሪክ ምድጃ አትያዙ። ይወረሳል፣ ክስም አለው። ከዚያ በላይ ደግሞ የአሮጌ ሕንጻ ሽቦ ያንን አይችልም፣ መብራቱን የምታጠፉት የብሎኩን ሁሉ ነው።

የመግቢያው ቀን፦ ጠዋት ድረሱ

እኔ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ነው የደረስኩት። መንገድ ላይ ምሳ እንብላ ብለን ቆመን ነበር። ክፍሉን ስከፍት አምስት አልጋ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፣ የቀረችው አንዲት ናት፦ ከላይ፣ በሩ ጥግ፣ አምፖሉ አፍንጫ ላይ። ያቺ ምሳ አንድ ዓመት አስከፈለችኝ።

ስለዚህ በተጠራችሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት። ሩቅ ከሆነ ከዋዜማው ከተማው ግቡና እደሩ። መናኸሪያ ላይ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉ ሲኒየሮች ብዙ ጊዜ አሉ፣ መታወቂያቸውን አይታችሁ ተከተሏቸው። «ሻንጣህን ልያዝልህ» ያለ ሁሉ ግን ሲኒየር አይደለም። ግቢ ስትገቡ የስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ወይም ቴሌግራም ላይ ተለቋል። ስማችሁን፣ ብሎኩን፣ የክፍሉን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ከዚያ ዕረፍትም ፎቶም ምሳም ይቆይ፣ ቀጥታ ወደ ክፍሉ። ምዝገባ ቀድሞ ካለ እሱን ጨርሳችሁ። ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ አንሶላ ያነጠፈ ባለቤት ነው። ሻንጣ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ሻንጣ ይነሳል። አንሶላ የሚያነሳ ድፍረት ያለው ግን እስካሁን አላየሁም።

ፕሮክተሩ ፍራሽ፣ ትራስና ቁልፍ ሲሰጣችሁ ያስፈርማችኋል። አትቸኩሉ። የሎከሩ በር ይዘጋል? የመስኮቱ መስታወት ሙሉ ነው? የአልጋው ብረት አልተሰበረም? ፍራሹ የተቀደደ ከሆነ «የተቀደደ» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ አስጽፉና ፎቶ ያዙ። ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ የሚባል ነገር አለ። ከቤተ መጻሕፍት፣ ከካፌ፣ ከዶርም «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ካላመጣችሁ አትሄዱም። ያኔ ማን እንደሰበረው የማይታወቅ መስታወት የሚከፍለው ፈርሞ የተቀበለው ልጅ ነው።

አልጋው

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ላይ ወይስ ታች?

ሁሉም ወደ ታች ነው የሚሮጠው። መውጣት መውረድ የለም፣ ዕቃ ከሥር ይገባል፣ አንሶላ ከላይኛው ላይ አንጠልጥሎ የራስን ቤት መሥራት ይቻላል። የማይነገረው ግን ታችኛው አልጋ አልጋ ብቻ አይደለም፣ የክፍሉ ሶፋ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቆሎ የሚበላው እዚያ ነው። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እግራችሁ ሥር ሁለት ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ተነሱ ማለት ደግሞ ይከብዳል፣ እንግዳ ናቸዋ። ከላያችሁ የተኛው ልጅ የሚገላበጥ ዓይነት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ውስጥ ናችሁ።

ላይኛው የግል ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም ዕቃችሁን አይነካም። በዚህ ምክንያት እኔ ብጠየቅ ላይኛውን ነው የምመርጠው፣ በሩ ጥግ ካልሆነ። ግን ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በጎኑ መከላከያ ብረት ከሌለው ይቅር። እንቅልፋም ሰው ይወድቃል፣ ወድቆም አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ አምፖሉ ፊት ለፊት ከሆነ ሌላው እስኪያጠና እናንተ አትተኙም። ሦስተኛ፣ ሙቀት ያለበት ከተማ ከሆነ ሙቀቱ ሁሉ ጣሪያው ሥር ነው የሚከማቸው። የሚጥል በሽታ፣ የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ልጅ ያለ ምንም ይሉኝታ ታች ይጠይቅ።

ከላይና ከታች ቀጥሎ ቦታው አለ። የበሩ ጥግ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ሽንት ቤት የሚሄድ፣ ከላይብረሪ አምሽቶ የሚመጣ፣ «እገሌ አለ?» ብሎ አንገቱን የሚያስገባ ሁሉ እናንተን ነው የሚቀሰቅሰው። መስኮት ጥግ አየር አለ፣ ቀን ብርሃን አለ፣ ለማጥናት ደስ ይላል። ደጋ ከሆነ ግን መስታወቱ ሙሉ መሆኑን እዩ። ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ስልካችሁን መስኮቱ ሥር ቻርጅ አድርጋችሁ አትተኙ፣ እጅ ይገባል። ሶኬት ያለበት ጥግ የተወደደ ነው፣ ግን ዋጋ አለው፦ የስድስት ሰው ስልክ ራሳችሁ አጠገብ ይደረደራል፣ ሌሊት ሁሉም ይጮኻል።

አሁን ደግሞ ትኋን። ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ያፍራሉ። አንሶላውን ከማንጠፋችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት አብሩና የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን ግለጡ፣ የአልጋውን ብረት መጋጠሚያም እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የደም ቅሪት ካያችሁ አለ ማለት ነው። ያኔ ሌላ ፍራሽ ጠይቁ። ካልተገኘ ፍራሹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ የብረቱን መጋጠሚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ለፕሮክተሩም ንገሩና መድኃኒት እንዲረጭ አድርጉ። አንድ አልጋ ብቻ ማጽዳት ዋጋ የለውም፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ቀን ካልወጣ ትኋኑ ጎረቤት አድሮ ይመለሳል።

አልጋው ከተያዘ በኋላ ሎከር። ተለቅ ካለው ይልቅ በሩ ገጥሞ የሚዘጋውን፣ ማጠፊያውም ያልላላውን ያዙ። ላፕቶፕ ያለው ልጅ ይህን ደግሞ ያንብበው።

ስለ ፎቅና ስለ ውሃ፣ እና ስለ ጄሪካኑ

እኛ አራተኛ ፎቅ ነበርን። ፀጥ ያለ ነው፣ ሌባ አይደርስም፣ ከመስኮቱ ከተማው ይታያል። ውሃ ግን አይወጣም። ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክማል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድር ቤት ያለው ቧንቧ መንጠባጠብ ሲጀምር ብሎኩ በሙሉ በነጠላ ጫማ ይወርዳል። ከስድስታችን ጄሪካን ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እናቴ «ልጄ፣ የሰው አገር ውሃ አይታመንም» ብላ በግድ ነው የሰጠችኝ። በመንገድ ላይ አፍሬባት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ክፍላችን ውስጥ ከኔ በላይ የተከበረ ሰው አልነበረም።

ምድር ቤት ውሃ አለ፣ ደረጃ የለም፣ ግን ጫጫታ፣ ትንኝና ሌባም አለ። ሁለተኛ ፎቅ ከተመደባችሁ አትነካኩት፣ ጥሩ ነው። ክፍሉ ሽንት ቤቱ አጠገብ ከሆነ ግን፣ ውሃ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሆን ራሳችሁ ገምቱት።

ክፍል መቀየር

ይቻላል። የሚቻለው ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ይዘጋል። ባዶ ክፍል ፍለጋ አትድከሙ፣ የለም። የሚሠራው ልዋጭ ነው፦ እናንተ ክፍል መግባት የሚፈልግ ልጅ አግኝታችሁ ሁለታችሁም አንድ ላይ ፕሮክተሩ ጋ ትሄዳላችሁ። ብቻችሁን ሄዳችሁ «ክፍሉ አልተመቸኝም» ብትሉ መልሱ ይታወቃል። «ጋሼ፣ ልዋጭ አግኝቻለሁ፣ እሱም ይኸው መጥቷል» ስትሉ ግን ወሬው ሌላ ይሆናል። «ማመልከቻ ጻፉና ኑ ልጆቼ» ይላሉ። ሴቶች ብሎክም «እትዬ» ተብሎ ያው ነው። በጤና ምክንያት ከሆነ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሂዱ። አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ ምድር ቤት እንዲሰጠው መጠየቅ መብት ነው፣ ውለታ አይደለም።

ሳታስመዘግቡ ዝም ብላችሁ ተለዋውጣችሁ አትኑሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው፣ እዚያ ክፍል የሚሰበረው ሁሉ በእናንተ ስም ይሰበራል። ደባል ማስገባትም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች አይስማሙኝም። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ አብሮ አደጎች አንድ ክፍል ለመሆን ሲሉ ግቢውን ሲዞሩ ይውላሉ። አትድከሙ። አብሮ አደጋችሁ ሌላ ብሎክ ሲሆን ጓደኛ ነው፣ ስትኩራረፉ የምትሄዱበት አላችሁ። አንድ ክፍል ስትሆኑ በሳሙና ትጣላላችሁ፣ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። ደግሞም የማታውቁት ልጅ ያመጣውን ጭኮ ወይም ቆጮ የምትቀምሱት፣ ቋንቋውን ጥቂት ቃል የምትለቅሙት እንደዚያ ነው።

የክፍሉ ሕግ

ሕጉ የሚወጣው በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ልማዱን ይይዛል፣ ልማድ የያዘን ሰው መናገር ጠብ ነው። ቡና ካለ ቡና አፍሉ፣ ከሌለ ሻይ ከላውንጅ አምጡና ቁጭ በሉ። የምትነጋገሩት ጥቂት ነው፦ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያጠና የት ይሄዳል፣ ስልክ በስፒከር ማውራት፣ እንግዳ፣ የጽዳት ተራ፣ የመጨረሻ የወጣ ይቆልፋል። መዋጮ ተዋጡና መጥረጊያ፣ መወልወያ ግዙ። ተራውን ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉ። ያልተጻፈ ተራ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ተራ ነው።

ጸሎትና ጾምም ይነሳ፣ አትፈሩት። እኛ ክፍል ረጅሙ ለሱብሂ ይነሳል፣ ጎንደሬው ለኪዳን ይነሳል፣ ሁለቱም ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት አካባቢ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት አላርም በየተራ ሲጮህ አራታችን አበድን። ቅዳሜ ማታ ተነጋገርንና አንድ አላርም ብቻ ሆነ፣ እሱም በንዝረት፣ ረጅሙ ትራስ ሥር። እሱ ሲነቃ ጎንደሬውን ትከሻውን ነካ ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላሳለፈውም።

ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ጣት አትቀስሩ። ብዙ ጊዜ ሌባው ከውጭ ነው፣ በሩን ክፍት ትታችሁ ሻወር ስትሄዱ የገባ። የተወነጀለ የክፍል ልጅ ግን ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ነገሩ አይሽርም።

የሚቀሩ ሁለት ነገሮች

የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ (ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ የሚከፈል) ምግቡን በካፌ ትወስዱ ወይስ በገንዘብ ብለው ይጠይቋችኋል። በገንዘብ የሚወስደው ነን-ካፌ ይባላል። ዋጋ በዚህ ሁኔታ እየናረ ፍሬሽ ሆኖ ነን-ካፌ መሆን አልመክርም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ብሉ፣ ከተማውን ስታውቁት ትወስናላችሁ።

ሴት ተማሪዎች ደግሞ የብሎኩ በር ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በመጀመሪያው ቀን እትዬን ጠይቁ። ከላይብረሪ እስከ ብሎክ ያለው መንገድ መብራት እንዳለውም በቀን ሳይሆን አመሻሽ ላይ ከሌሎች ጋር ሆናችሁ እዩት።

እና ክፍሉ ባይሳካላችሁም ዘላለም አይደለም። የፍሬሽ ማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ነው። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ዶርሙም ብዙ ጊዜ እንደገና ይደለደላል።

ወንድሜ የገባ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶ ላከልኝ። ላይኛው አልጋ፣ መስኮቱ ጋ፣ መከላከያ ብረት ያለው፣ የእናቴ አበባማ አንሶላ ተነጥፎበታል። ኮራሁበት። ማታ ደወለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ፣ ውሃ የለም» አለኝ። ጄሪካኑን ቤት በር ላይ ረስቶት ሄዷል።